በልቪቭ ያለው ዩኒቨርሲቲ

ኦርቶዶክሳውያን በሚበዙባት ዩክሬን፣ የምሥራቁን ሥርዓተ ቅዳሴ እንደያዘች ከሮም ጋር የተባበረችው የግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በምዕራቡ፣ በተለይም በልቪቭ ከተማ፣ ሥር የሰደደች ናት። ሜትሮፖሊታን አንድሬይ ሼፕቲትስኪ እዚያ ያቋቋሙትን የነገረ መለኮት አካዳሚ በሬክተርነት የመሩት ዮሲፍ ስሊፒ፣ የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1945 አስሯቸው 18 ዓመት ያህል በእስርና በግዞት ከቆዩ በኋላ፣ በተፈቱበት በ1963 በሮም የዩክሬን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ። ከዚያ ሁሉ መከራ የወጣ ሰው በመጀመሪያ ያሰበው ትምህርት ቤት መሆኑ ዘወትር ልቤን ይነካዋል።

አካዳሚው በ1994 በልቪቭ ዳግም ተከፈተ፤ በ2002 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኔ ይበልጥ የማከብረው ግን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከተማሪዎች ጋር በአንድ መኖሪያ እንዲኖሩ ማድረጉን ነው።