ትሬማልዞን በቀላሏ ሳይክል

ሙኒክ የሚኖር የተራራ ሳይክል ወዳጅ የሰሜን ጣሊያኑን ጋርዳ ሐይቅ ሳያይ ዓመቱን አይጨርስም። ጠዋት ባቡር ይሳፈራል፣ የብሬነርን ተራራ ማለፊያ ተሻግሮ ሮቬሬቶ ይወርዳል፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ያለችው ሪቫ ከተማ ቅርብ ናት። እኔም ፀሐይ ሲናፍቀኝ የምሄደው እዚያው ነው። ዘንድሮ ግን ሳይክሌን በቀላል ኤሌክትሪክ ሳይክል ቀይሬ፣ ከሐይቁ በላይ ያለውን የትሬማልዞ ተራራ ልወጣ ሄድኩ።

የድሮዋ ሙሉ ኃይል ያላት ኤሌክትሪክ ሳይክል ነበረች። ባለ 85 ኒውተን ሜትር የቦሽ ሞተር፣ ባለ 625 ዋት ሰዓት ባትሪ፣ ክብደቷ 24 ኪሎ። ኒውተን ሜትር የሞተሩ የማዞር ጉልበት ነው፣ ዋት ሰዓት ደግሞ ባትሪው የሚይዘው ኃይል። ዳገት ላይ ስም አይወጣላትም። የሚያስመርረው ሌላው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሞ መውጣት፣ ባቡር ውስጥ መንጠቆው ላይ መስቀል፣ መንገድ የዘጋ ግንድ ማሻገር። ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንደተጫነ አህያ ወደፈለገችው ነው የምትሄደው። አዲሷ 18 ኪሎ ገደማ ናት። ሞተሩ ቲኪው የተባለው የባየርን ኩባንያ ሥራ ነው፤ 50 ኒውተን ሜትር፣ ባትሪው 360 ዋት ሰዓት። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ መሆኗንም ልብ አይልም።

አብረውኝ የወጡት ጋሼ ስልሳን አልፈዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሙሉ ኃይል ያላትን ነው የሚነዱት።

ከሪቫ የሚያወጣው የፖናሌ መንገድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደሉን ፈልፍለው ነው የሠሩት፤ ዛሬ መኪና አይገባበትም። ሐይቁ በግራ በኩል ቁልቁል ይታያል። ሌድሮ ሸለቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ እንዲያውም ደስ አለኝ። የአውሮፓ ሕግ ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እርዳታውን እንዲያቆም ያስገድዳል፤ ከዚያ በላይ በራስህ እግር ጉልበት ነው የምትነዳው። ጋሼ እዚያው ላይ ተገደቡ። እኔ ቀላሏን ይዤ 28፣ 30 እያልኩ አለፍኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ማንን ለመቅደም ነው?» አሉኝ።

የልባቸውን ያደረሰላቸው ዳገቱ የሚጀምርበት አምፖላ ነው። ከዚያ እስከ ትሬማልዞ ማለፊያ 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ጋሼ ሞተራቸውን ከፍ አድርገው ሄዱ፤ ከሁለት መታጠፊያ በኋላ አላየኋቸውም። እኔ ዝቅተኛው እርዳታ ላይ ነኝ፤ ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። ሒሳቡ ቀላል ነው። እኔና ሳይክሏ አንድ ላይ 95 ኪሎ ብንሆን፣ ከሐይቁ ዳር እስከ ማለፊያው ያለውን 1,600 ሜትር ለመውጣት ከ400 ዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ያውም የጎማውን ሰበቃና ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነውን ሳንቆጥር። ባትሪው ያለው 360 ነው። የቀረውን ማን ይከፍላል? ታፋዬ! በውሃ ኮዳው ቦታ የሚገባ 160 ዋት ሰዓት ተጨማሪ ባትሪ እንዳለ አውቃለሁ። ዋጋውን አይቼ ትቼዋለሁ።

1,665 ሜትር ላይ ስደርስ ጋሼ ማኪያቷቸውን ጨርሰዋል።

«ነዳጅ ልቅዳልህ እንዴ?»

ሳቅኩ እንጂ ምን እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሳቸው ጉልበት የኔዋ ሳይክል ቅጣት ናት። ሁሉም ሰው ወደ ቀላል ይቀይር የሚሉት ወሬ አይገባኝም።

ቁልቁለቱ ግን የኔ ነበር። መንገዱን የቆረጡት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጣሊያን ተራራ መብሳት ይወዳል፤ ጣርማ በርን ያየ ያውቀዋል። አስፋልት የለም፣ ነጭ ልቅ ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዬ ጠጠሩን ይዞ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረ። የፊት ፍሬኑን ለቀቅ፣ ወገቤን ወደ ውስጥ ገፋ ሳደርግ ወዲያው ተመለሰችልኝ። ቀጥሎ እርከን የሚያህል ቋጥኝ መጣ፤ መሪውን ሳብ አድርጌ የፊቱን አነሳሁና ዘለልኩት። በድሮዋ ቢሆን ፍሬን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር የማልፈው። ፓሶ ኖታ ላይ ቆሜ ጋሼን ጠበቅኩ። መዳፋቸውን እያሻሹ መጡ፤ ያን ሁሉ ክብደት በፍሬን መያዝ እጅ ያዝላል።

ፕሬጋሲና አልፈን ፖናሌ ስንገባ ባትሪዬ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ሪቫ ፒዛ እየበላን ጋሼ ሳይክሌን በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው መለሷት።

«ስንት ነው?»

ነገርኳቸው።

«ሞተሩም ትንሽ፣ ባትሪውም ትንሽ፣ ዋጋው የበለጠ? ጎበዝ ነጋዴዎች ናቸው» አሉና የኔንም ሒሳብ ከፈሉልኝ።