ለገበጣ ሲባል እስከ ሐዋሳ

ሐዋሳ የሚኖሩት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ እየተሰባሰቡ ገበጣና የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ እንደሚጫወቱ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ወር ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአንድ መኪና ሆነን፣ አንድ ሌሊት አድረን ለመመለስ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። እስከ ሞጆ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ታጥፎ እስከ ባቱ ድረስ ያለው የክፍያ መንገድ ስለሚያስተኛ የሚተረክ ነገር የለውም።

የሚተረከው ቡልቡላ አካባቢ ይጀምራል፤ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማም ክሪክም ነበረን፤ ብሎኖቹ ግን ዝገው አልላላ አሉ። ሽንኩርት የጫነ የአይሱዙ ሹፌር ሳንጠራው ቆመና ከወንበሩ ሥር ረጅም የብረት ቱቦ አውጥቶ በመፍቻው እጀታ ላይ አጠለቀው፤ ተራ በተራ ፈታቸውና እጁን በአፈር ጠርጎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ገንዘብ ስንሰጠው «ተዉት፣ ወንድሞቼ፤ ይልቅ ሻሸመኔ ስትደርሱ ጎሚስታ ዘንድ አሠሩት» ብሎን ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የተበላሸበት ሰው ከኋላው የሚሰማው ጥሩንባ ነው፤ እኔም በዚያ ጩኸት መካከል ስለምኖር ይሆናል የዚህ ሰው ዝምተኛ ደግነት ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ ያልወጣው። ሻሸመኔ እንደ መከረን አደረግን፤ ሐዋሳ የገባነው ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነው።

ማረፊያችን ግን ደስታዬን ቀነሰው። በስልክ ለአንድ ክፍል 1,500 ብር የተባልነውን፣ ስንደርስ «የሰንበት ዋጋ ነው» ተብለን 2,100 ከፈልን፤ ከዚህም በላይ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አልቆመም። በስልክ የተነገረ ዋጋ ቃል ነው ብዬ ስለማምን፣ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም እስካሁን ቅር ይለኛል።

ጓደኛችን ቤት የደረስነው ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተገዛው ዓሣ እየተጠበሰ ሳለ ነበር። ከምሳው በኋላ የገበጣው ገበታ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው፣ በየጉድጓዱም አራት አራት ጠጠር የሚገባበት ነው። ማንም ሳያስብ የጨዋታው ዳኛ የሆኑት የጓደኛችን እናት ናቸው። እማማ ገበጣን የተማሩት ደብረ ታቦር አካባቢ፣ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ፣ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በደረቀ የፍየል በጠጥ ነው። ጠጠር ሲያድሉ በጣታቸው አይቆጥሩም፣ ዓይናቸውም ገበታው ላይ አይቆይም፤ እያወሩ ያድላሉ፣ እያወሩም ያሸንፋሉ። እኔን ገና ቡናው ሳይፈላ አሸነፉኝ።

ክርክሩ የተነሣው ከመቀሌ የመጣው ጓደኛችን ሲቀመጥ ነው። እሱ ያደገው በሦስት ረድፍ በሚጫወቱት ገበጣ፣ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር እያስገቡ ነው፤ የእማማን አጨዋወት ያልተሟላ አድርጎ ነበር የሚያየው። እማማም በበኩላቸው «ልጄ፣ ሦስተኛው ረድፍ የማን ነው? ባለቤት የሌለው ማሳ አይታረስም» አሉት። ከዚያም የመጨረሻዋ ጠጠር በተጋጣሚ ቤት ባሉ ሦስት ጠጠሮች ላይ አርፋ አራት ስታደርጋቸው «ላም ወለደች» እያሉ እየጮሁ ሁለት ጊዜ ረቱት። እሱም ተራውን በካርቶን ላይ ሦስት ረድፍ ሥሎ በራሱ ሕግ ሲያጫውታቸው፣ መጀመሪያ ቢሸነፉም ሕጉ ሲገባቸው በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ አስጨነቁት።

ይህ ክርክር ለእኔ የጉዞው ዋጋ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ አስተማሪ የሆነው የቤቱ ባለቤት ጓደኛችን የጥናቱን ቅጂ አምጥቶ የየአካባቢውን ልዩነት ያሳየን ነበር። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለው ሕግ የእማማን የእጅ ፍጥነትና የተጋጣሚን ጠጠር ሲበሉ የሚያሰሙትን ዘፈን ቀመስ ቃል አይዝም፤ ያ የሚወረሰው አጠገባቸው በተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ማታ ተራው የሰንጠረዥ ሆነ። የቤቱ ባለቤት ሰሌዳውን ያሰፋው እንደ ድሮው ነው፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ መስመሮች ብቻ ያሉት፣ ጥቁርና ነጭ ቤቶች የሌሉበት። ጠጠሮቹን፣ ማለትም ንጉሡን፣ ፈርዙን (በንግሥት ቦታ የሚቆመውን)፣ ፊሉን (ዝሆኑን)፣ ፈረሱን፣ ደሩን (በቼዝ ግንብ የሚባለውን) እና መደቆቹን (ወታደሮቹን)፣ የሰፈሩ አናጢ ከዋንዛ ጠርቦለታል። ቼዝ ለለመደ ሰው የሚያስደነግጠው አጀማመሩ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይህም ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን የሚያፈርስበት፣ እንደገና የሚሠራበት፣ እጅ ከእጅ የሚጋጭበት ሰዓት ነው። ፈርዙ እንደ ዛሬው ንግሥት ሰሌዳውን አያቋርጥም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚሄድ ጨዋታው በዝግታ ይበስላል። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ማሸነፍ፣ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ የሚያስመሰግነው በፊልና በመደቅ መጨረስ ነው። ባልደረባዬ በደር ሊጨርስ የሚችለውን ጨዋታ ለክብር ብሎ በመደቅ ለመጨረስ ሲሞክር ማሸነፉን ቢያጣም፣ ከሁላችንም የበለጠ ጭብጨባ ያገኘው እሱ ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ በሐይቁ ዳር ጥቂት ተራምደን፣ እማማን ልንሰናበት ስንመለስ ገበታው ወጥቶ ጠበቀን። ያለ አንድ ጨዋታ አትሄዱም ስላሉን መንገዱን ያሰብነው ከምሳ በፊት ቢሆንም የተነሣነው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ አበባ፣ እኔ ቤት እንዲሆን ተስማምተናል፤ ለአናጢውም ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ አዝዣለሁ፣ አንዱ ረድፍ በክዳን እየተሸፈነ በእማማም በመቀሌውም ጓደኛችን ሕግ የሚያጫውት እንዲሆን።