«ገበሬስ አባቴ ነው»

ከመጠይቁ ሁሉ ቀላል ነው ብዬ ያስቀደምኩት ጥያቄ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው ነበር። ከሥሩ አምስት ሳጥን አለ፤ አንደኛው «ግብርና» ይላል። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ ጎጥ፣ አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ፊት ለፊቴ ጉቶ ላይ ተቀምጧል። ጥር ነው። ዶማውን እግሩ ሥር ጥሎታል፤ እጀታው ከመያዝ ብዛት መሐሉ ላይ ልሟል፣ ያብረቀርቃል።

«ሥራ የለኝም» አለኝ።

«ጠዋት ከየት መጣህ?»

«ከልማት።»

«ትናንትስ?»

«ጤፍ ስንወቃ ዋልን።»

«ታዲያ ገበሬ አይደለህም?»

ፈገግ አለና አንገቱን ደፋ። «ኧረ እህቴ፣ ገበሬስ አባቴ ነው።»

የዶክትሬት ጥናቴ ርዕስ «የወጣት አርሶ አደሮች ማንነትና የአየር ንብረት ፖሊሲ ተቀባይነት» ነው። ርዕሱን ስጽፈው «ወጣት» እና «አርሶ አደር» ተስማምተው የተቀመጡ መስለውኝ ነበር። የዚያን ቀን አብረው አልሄድ አሉኝ። ወጣት ማን እንደሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ፈትቶታል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ነው። «አርሶ አደር» ደግሞ የሬዲዮው፣ የቢሮውና የእኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቃል ነው። አርሶ የሚያድር ማለት ነው። ይህ ልጅ አርሷል፤ የሚያድረው ግን ከአባቱ ጎተራ ነው። ሰዉ የሚለው «ገበሬ» ነው፤ ገበሬ ከግብር ጋር ሥሩ አንድ ነው። የግብር ደረሰኝ በስሙ የሚቆረጥለት፣ የመሬት ደብተሩ ላይ ፎቶው የተለጠፈ፣ ጥማድ በሬ ያለው ሰው ገበሬ ነው። ከሦስቱ አንዱም የሌለው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቢያርስም የገበሬ ልጅ ነው።

ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ የተወለድኩት እዚያው ጎጃም፣ ማቻክል ነው። ታናሽ ወንድሜ ዛሬም የአባታችንን ሦስት ቃዳ ያርሳል። ቃዳ ለማታውቁ፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። ጎጃም ውስጥ መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በስሙ አልደረሰውም፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ደግሞ ሌላ ድልድል አላየም። የቀረው መንገድ ውርስ፣ ስጦታ፣ ኮንትራት ወይም የእኩል ማረስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጎጃም ውስጥ «ወጣት አርሶ አደር» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው መሬት ስለሌለው ሰው ነው።

የ1989ኙ ነገር ሌላም ጥሎ ሄዷል። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ተሹመው የነበሩ ሰዎች ያኔ «ቢሮክራሲ» ተብለው አራት ቃዳ ብቻ ቀርቶላቸው ሌላው ተነጥቋል። እስከ ዛሬ ድረስ ወረቀት ይዞ «የቤተሰብህ ቁጥር ስንት ነው? መሬትህ ስንት ነው?» የሚል እንግዳ ሲመጣ አባቶች ፊታቸው ይለወጣል። ልጆቹ ያንን ዘመን አላዩትም፤ የአባታቸውን ፊት ግን አይተዋል። እኔም ወረቀት ይዤ ነው የሄድኩት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር መጠይቄ «እስማማለሁ» በ«እስማማለሁ» ላይ ሆኖ ተመለሰ። እርከን መሥራት ይጠቅማል? እስማማለሁ። ልቅ ግጦሽ መቅረት አለበት? እስማማለሁ። ዛፍ መትከል የሁላችንም ግዴታ ነው? በጣም እስማማለሁ። በዚያው ሰሞን ከብት እንዳይገባበት ከተከለከለው ኮረብታ ላይ በሌሊት ከብት ሲነዳ ያየሁት ልጅ እንኳ ልቅ ግጦሽ መቅረቱን በጣም ተስማምቶበታል። ዋሸኝ አልልም። ከመንግሥት የመጣች የመሰለችውን ሴት በሰላም ነው የሸኛት። እንዲህ ያለውን ቁጥር በሰንጠረዥ አስቀምጬ «የወጣቱ ተቀባይነት ከፍተኛ ነው» ብል ማንም አይከለክለኝም ነበር፤ ብዙ ሪፖርትም እንዲሁ ነው የሚጻፈው። ይህ ያናድደኛል፤ በዚያ ሪፖርት ላይ ተመርኩዞ የሚወጣው ዕቅድ ተመልሶ የሚያርፈው እዚያው ልጅ ዶማ ላይ ነው።

የአየር ንብረት ፖሊሲ ሲባል አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚያስበው በ2004 ዓ.ም. ደርባን ላይ ይፋ የሆነውን ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይሆናል። ወይም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አገራችን የገባችውን፣ እስከ 2030 ልቀትን በ68.8 በመቶ የመቀነስ ቃል፤ ከዚያ ውስጥ 14 በመቶው በራስ አቅም፣ ሌላው በውጭ ድጋፍ የሚሠራ ነው። ልጁ ጋ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ «ልማት» ይባላል። ከጥር ጀምሮ ለሳምንታት በየቀኑ ጠዋት ዶማና አካፋ ይዞ ወጥቶ በነጻ እርከን መቆፈር ነው። ማን ይወጣል? ከየቤቱ ጉልበት ያለው። ጉልበት ያለው ማን ነው? መሬት የሌለው ልጅ። እርከኑ የሚያድነው አፈር የማን ነው? ደብተር ያለው ሰው።

ሐምሌ ሲሆን ደግሞ ችግኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እሱም ተማሪ ሆኖ ከተካዮቹ አንዱ ነበር። ኮረብታውን አሳየኝ። «የትኛው ነው የተከልከው?» አልኩት። «እሱን ማን ያውቃል» አለኝ። አነጋገሩ ውስጥ ምሬት አልነበረም። ያላሰበበትን ነገር ነው የጠየቅኩት።

የበሬውና የዶሮው ጉዳይ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ቆየን፤ ብዙ የተማርኩትም እሱ ላይ ነው። ያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከከብት የሚወጣውን ልቀት ለመቀነስ ሁለት ነገር ያስባል፤ የበሬን ጉልበት በከፊል በማሽን መተካት፣ የዶሮ ሥጋን ድርሻ ወደ 30 በመቶ ማሳደግ። ወረቀት ላይ ንጹሕ ሐሳብ ነው። አባትዬውን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ በሬዬን ሸጬ ዶሮ ልጥመድ?» አሉኝ። ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸውም ገብቶኛል። የበሬዎቻቸው ስም አለ፤ የአንደኛው ቀንድ ላይ ቅባት ሲያሹ አይቻለሁ። ልጃቸው ግን በሬ የለውም፤ የሚያጣው ነገር የለም። ስለዚህ ዶሮውን ይቀበላል ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ ዝም አለና «ዶሮ የሴት ነው» አለኝ። ገና ገበሬ ያልተባለ ልጅ፣ አንድ ቀን ገበሬ የሚያሰኘውን ነገር ይጠብቃል። በእጁ የሌለውን በሬ ነው የሚጠብቀው።

እህቱ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቡና ይዛ ስትወጣ «እኔ እኮ እወስድ ነበር» አለች። ስለ ዶሮው ነው። አባትየው ሰሙና ምንም አልተናገሩም። በመጠይቄ መሠረት የእሷ ስም ከተጠያቂዎቹ ውስጥ አልነበረም፤ ቀበሌው በሰጠኝ የወጣቶች ዝርዝር ላይ ከቤቱ የተጻፈው ወንድሟ ብቻ ነው። አሁን ከየቤቱ ሴት ልጅም እንድትጠየቅ አድርጌያለሁ። ይህን ከመጀመሪያው አለማድረጌ ይቆጨኛል።

የተማርኩት የማንነት ንድፈ ሐሳብ አብዛኛው የመጣው ከአውሮፓ ነው፤ ሄንሪ ታጅፌልና ጆን ተርነር ከብሪስቶል ያሰራጩት፣ ሰው ራሱን የሚያየው በሚመደብበት ቡድን በኩል ነው የሚለው ሐሳብ። በኔዘርላንድስ ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች የናይትሮጅን ብክለትን ለመቀነስ የታሰበውን እርምጃ ተቃውመው ትራክተራቸውን ሄግ ድረስ ሲነዱ ይህ ሐሳብ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል፤ ገበሬ ነኝ የሚል ሰው ገበሬነቱ ሲነካበት ይነሣል። ያነጋገርኩት ልጅ ግን የሚነካበት ገበሬነት ገና አልተሰጠውም። ተቃውሞ ስፈልግ ያጣሁት፣ ተቀባይነት ስፈልግም ያጣሁት ለዚህ ይመስለኛል። ሁለቱም «የኔ» ከሚል ሰው ነው የሚመጡት።

እዚያው ወረዳ ውስጥ «የኔ» የሚለውን ቃል ከወጣቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ዲከረንስ። ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ነው። የአዊ ደጋ አፈር አሲዳማ ሆኖ ገብስና ስንዴው አልሰጥ ሲል ገበሬው ራሱ ወደዚህ ዛፍ ዞረ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አንድ ማሳ ላይ ይገባል። ጤፉ ይታጨዳል፤ በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ከሰል ይሆናል። ከዚያ መሬቱ ታርሶ ጤፍ ይዘራል፤ ያኔ የሚገኘው ጤፍ ከበፊቱ ይሻላል ይላሉ። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። መሬት የሌላቸው ልጆች ማሳ በኮንትራት ይይዛሉ፣ ችግኝ ያፈላሉ፣ ከሰል ያከስላሉ። መሬቱ የሰው ነው፤ ዛፉ ግን የእነሱ ነው።

ከሰል ነውና ነገሩ እንዴት የአየር ንብረት መፍትሔ ይባላል የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም መፍትሔ ነው አላልኩም። የምለው፣ ማንም ሳያዝዛቸው ሺህ ችግኝ በእጃቸው የተከሉ ልጆች እንዳሉ ነው፤ የትኛውን እንደተከሉም ያውቃሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ ስንዴ ዋግ ያለ ብርቱካንማ በሽታ ዲከረንሱን መታው። ያ ልጅ ከአጎቱ በኮንትራት በያዘው አንድ ቃዳ ላይ ያለውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ ሲነካው ዱቄቱ ጣቱ ላይ ቀረ። ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ቀጥሎ ሌላውን ነካ፣ ሌላውን። እያንዳንዱን ዛፍ እየነካ እስከ ዳር ሄደ። ኮረብታው ላይ ካለው የሐምሌ ችግኝ ስንቱ እንደጸደቀ አያውቅም፤ እዚህ ግን ስንት እንደሞተ አንድ በአንድ ነገረኝ።

መጠይቁን እንደገና ጽፌዋለሁ። «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን አውጥቼ፣ «የምታርሰው መሬት ላይ ምን እንደሚዘራ የሚወስነው ማን ነው?»፣ «የተከልከውን ዛፍ ለመቁረጥ ማንን ታስፈቅዳለህ?» የሚሉትን አስገባሁ። «እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚለው ክፍል በጣም አጥሯል። አማካሪዬ ከሌላ አገር ጥናት ጋር ለማወዳደር ያስቸግራል አለኝ፤ ልክ ነው፣ ያስቸግራል። ግን ለማወዳደር ብዬ ባዶ ቁጥር መሰብሰብ አልቻልኩም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ከዚያ ከተከለከለው ኮረብታ ሁለት ቃዳ ቢሰጥህ፣ ፎቶህ ያለበት ደብተር ቢኖርህ፣ ምን ታደርገዋለህ? አልመለሰልኝም። ጭራሮ አነሣና መሬት ላይ መሥመር መሳል ጀመረ። ከላይ ዛፍ፤ ዲከረንስ ብቻ አይሆንም፣ በሽታው አለ፣ ባሕር ዛፍም ወይራም ይገባል። ከዛፉ በታች ሣር፤ ለበሬ፣ ሲገዛ። ከታች ድንች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ሦስቱን አቋርጦ ጎባጣ መሥመሮች ሠራ፣ አንዱን ከሌላው በታች።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እርከን ነዋ» አለኝ፤ አለማወቄ ገርሞት። «ውሃው በዚህ በኩል ነው የሚመጣው።»