ኮምፒዩተሬ ሐይቁን ጨዋማ አደረገው

ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ዝናብ ይዘንብበታል፣ ፀሐይ ታተነዋለች። ባለፈው ክረምት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የላፕቶፔን ባትሪ እየቆጠብኩ፣ ይህንኑ ሒሳብ ኤክሴል ላይ አሰፈርኩት፦ የባለፈው ወር ውሃ፣ ሲደመር ዝናብ፣ ሲደመር ወንዝ፣ ሲቀነስ ትነት። አንዲት መስመር ቀመር ናት፤ እስከ 12 ሺህኛው ረድፍ ድረስ ወደ ታች ስጎትታት ግን የ1 ሺህ ዓመት ታሪክ ታወጣለች። ንድፈ ሐሳብን ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ከዛሬ ወደ ነገ የሚያሸጋግረውን ደንብ ጽፎ፣ ድግግሞሹን ለማይሰለቸው መተው።

ለሙከራ የገመትኳቸው ቁጥሮች ገቢውና ትነቱ እንዲመጣጠኑ ተደርገው የተመረጡ ስለነበሩ፣ የሐይቁ ከፍታ ከዓመት ዓመት ሳይናወጥ ቀጠለ። ደስ ብሎኝ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ ጨው። ወንዝ ሁሉ ከአፈርና ከድንጋይ ያሟሟውን ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል፤ ትነት ግን ውሃውን ብቻ ወስዶ ጨውን እዚያው ይተዋል። ስለዚህ የእኔ ሐይቅ ጨዋማነቱ ያለማቋረጥ እየጨመረ ወደ ጨዋማው ሻላ ሐይቅ ጠባይ አመራ። ከቤቴ ጥቂት መንገድ ርቆ የሚገኘው እውነተኛው ሐይቅ ግን ጨዋማ አይደለም።

ቀመሩ ውስጥ ስህተት ፍለጋ ሁለት ማታ አጠፋሁ። ቀመሩ ልክ ነበር፤ የጎደለው ዓምድ ነው። አጥኚዎች ሐዋሳ ሐይቅ ጨዋማ ላለመሆኑ የሚሰጡት ምክንያት ውሃው ከመሬት ሥር ሰርጎ መውጣቱ ነው። ከትነቱ ጥቂት ቀንሼ ለስርገት ስሰጥ ከፍታው ቅንጣት አልተለወጠም፤ የጨው መስመር ግን እያዘገመ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ረጋ፤ ምክንያቱም የሚሰርገው ውሃ ጨውንም ይዞ ስለሚሄድ፣ የሚወጣው ጨው ከሚገባው ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው፦ የተሳሳተውም ሆነ የታረመው ንድፈ ሐሳብ የሐይቁን ከፍታ እኩል አሳምረው ይናገራሉ። ጨውን ባልጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ሞዴል እየተኩራራሁ እቀመጥ ነበር።

በዚህ መሃል ቤከን የሚባለው ፕሮግራም ትዝ አለኝ። በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጨረሻ ፓት ላንግሊ የጀመረው፣ በኋላም ኸርበርት ሳይመንን ጨምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው ሲሆን፣ ሥራው ከቁጥሮች ውስጥ ሕግ መፈለግ ነበር። ስልቱ ቀላል ነው፤ ሁለት መጠኖች አብረው ሲያድጉ አንዱን ለሌላው ያካፍላል፣ አንዱ ሲያድግ ሌላው ካነሰ ያባዛቸዋል፣ የማይለወጥ ቁጥር እስኪያገኝም ይቀጥላል። ፕላኔቶች ከፀሐይ ያላቸውን ርቀት በመሬት ርቀት ለክተን፣ አንዴ ለመዞር ከሚፈጅባቸው ዓመት ጋር እንስጠው፦ ማርስ 1.524 እና 1.881፣ ጁፒተር 5.203 እና 11.86። ርቀቱን ለጊዜው ሲያካፍል 0.81 እና 0.44 ያገኛል። ርቀቱ ሲያድግ ይህ ስላነሰ ሁለቱን ያባዛል፤ 1.23 እና 2.28 ይወጣል። ይህኛው ሲያድግ የቀድሞው ውጤት ስለሚያንስ እነሱንም እርስ በርስ ያባዛል፤ ለሁለቱም ፕላኔቶች 1 ገደማ ይመጣል። የርቀቱ ኩብ ለጊዜው ካሬ ሲካፈል ቋሚ ነው ማለት ነው፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኬፕለር በአውሮፓውያኑ 1619 ያሳተመው ሦስተኛው የፕላኔቶች ሕግ።

በሦስት እርምጃ! ሆኖም ሁለቱን ዓምዶች መርጦና አጽድቶ ለቤከን ያቀረበለት ሰው ነው። የሐዋሳ ሐይቅን የከፍታ መዝገብ ብቻ ብሰጠው ኖሮ፣ ጨው የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ያመጣው ነበር? ኮምፒዩተር ያስቀመጥንለትን ዕውቀት እስከ መጨረሻው ውጤቱ ድረስ ይገፋዋል፤ ሐይቁን አላግባብ ጨዋማ አድርጎ ያሳየኝም በዚሁ ታማኝነቱ ነው። ከሐይቁ ጋር ማስተያየቱ ግን የእኔ ድርሻ ነበር።

አሁን በሠንጠረዤ ውስጥ ያለው ስርገት በየወሩ ያው አንድ ቁጥር ነው። ሐይቁ ሲሞላና ሲጎድል ስርገቱም መለዋወጥ ስላለበት፣ በዚህ ሳምንት ያንን ቁጥር ከከፍታው ጋር በቀመር አስረዋለሁ።