ርችት አንድ ሲሆንና ሲከማች

ርችት ሰው ጎዳ ሲባል ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ለኮሰው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ የዘገየ ግን ነው። አብዛኛው ነገር ክብሪት ከመጫሩ ከብዙ ቀን በፊት ያልቃል፦ ካርቶኑ ሲራገፍ፣ መጋዘን ሲቆለል፣ ባንኮኒ ላይ ሲሸጥ። ስለዚህ ከመጋዘኑ እንጀምር። ስለ አተኳኮሱ ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ወደ ታች ይዝለል፤ ርችት የሚሸጥ ሰው ግን እንዳይዘል።

እሳት ለመንደድ አየር ይፈልጋል። የርችት ቅመም አየሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ፖታሺየም ናይትሬትና ፖታሺየም ፐርክሎሬት የሚባሉት ጨዎች ሲግሉ ኦክስጅን ይለቃሉ፤ ከሰሉ፣ ድኙ ወይም የአሉሚኒየም ዱቄቱ በእሱ ይነዳል። በዚህ ምክንያት የተያያዘን ርችት ብርድ ልብስ ደፍቶ ማፈን አይቻልም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም ብዙ አይፈይድለትም። ውሃ የሚጠቅመው ዙሪያውን ለማቀዝቀዝና ገና እሳት ያልደረሰበትን ካርቶን ለማራስ ነው። መጋዘን በር ላይ የሚሰቀለው ማጥፊያ ለቆሻሻ ቅርጫት፣ ለኤሌክትሪክ ገመድ፣ ለወረቀት እሳት ነው እንጂ ለርችቱ አይደለም። እሳቱ ርችቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ማጥፊያ ይዞ የሚቆም ሰው ጊዜውን ከማባከን አልፎ ራሱን ያስበላል።

ሁለተኛው ነገር መታፈን ነው። ሜዳ ላይ የፈሰሰ ጥቂት ባሩድ ቦግ ብሎ ያልቃል። ያው ባሩድ ጠንካራ ነገር ውስጥ ሲሆን ጋዙ መውጫ ያጣና ይፈነዳል። የጩኸት ርችት ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ዱቄት ድብልቅ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ በብዛት ከተከማቸ ማንም ሳያፍነው ይፈነዳል። ትንሿን ርችት በመዳፉ ይዞ «ይሄ ነው እንዴ የሚፈራው?» የሚል ነጋዴ ያየው አንዱን ነው፤ ጓዳው ውስጥ ያለው ግን አንድ አይደለም።

ካርቶኑ ላይ ያለችውን ብርቱካናማ ምልክት እንይ። እሷ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃ ምደባ ነው። 1.1 ማለት ክምችቱ ባንዴ ሊፈነዳ ይችላል ማለት ነው። 1.2 ፍንጥርጣሪ የሚወረውር፣ 1.3 በኃይል የሚነድና ሙቀቱ ርቆ የሚያቃጥል፣ 1.4 ደግሞ ቢቀጣጠል ጉዳቱ በአብዛኛው ከካርቶኑ አካባቢ የማያልፍ ነው። ከቁጥሩ ኋላ የሚመጣው ጂ የርችት ዓይነት ቅመም መሆኑን ያሳያል። ለሕዝብ የሚሸጠው አብዛኛው ርችት 1.4ጂ ነው፤ የሚጓዘውም በቁጥር 0336 ነው። 0335 የሚል ካየን 1.3ጂ፣ 0333 የሚል ካየን 1.1ጂ ነውና ለተራ ሱቅ የተላከ ዕቃ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ምደባው የተሰጠው ለርችቱ ብቻ ሳይሆን ለርችቱ ከነማሸጊያው ነው። ካርቶኑ ተቀዶ ርችቱ ጆንያ ውስጥ ወይም የብረት ሳጥን ውስጥ ከተገለበጠ ያ 1.4 የሚል ቁጥር ምንም ዋስትና አይሰጥም። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ከሦስት ካርቶን ወደ አንድ በርሜል ማዞር ካየኋቸው «ብልሃቶች» ሁሉ የከፋው ነው።

ኤንስኬዴን ማስታወስ ይበቃል። በ2000 እ.ኤ.አ. በዚህች የኔዘርላንድ ከተማ፣ መኖሪያ ሰፈር መሃል የነበረ የርችት ማከማቻ ፈንድቶ 23 ሰው ሞተ፣ 950 ያህል ሰው ቆሰለ፣ ወደ 400 ቤት ወደመ። ዕቃው ከተቀመጠበት ውስጥ የብረት ኮንቴይነሮች ነበሩበት። በኋላ የተደረገው ምርመራ ብዙው ርችት ወረቀቱ ላይ ከተጻፈለት መደብ በላይ አደገኛ እንደነበር አሳየ። ፈቃድ ነበረ፣ ቁጥርም ነበረ፤ ቁጥሩ ግን የዕቃው አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ዴንማርክ ውስጥ ኮልዲንግ አጠገብ ሴስት በሚባል ሰፈር ደግሞ ኮንቴይነር ሲራገፍ አንድ የሮኬት ካርቶን ወድቆ ተቀጣጠለ። እሳቱ መጋዘኑን አዳርሶ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገደለ። ካርቶን ይወርዳል እንጂ አይወረወርም፤ ወለል ለወለልም አይጎተትም። በጉዞ ላይ ከስፌቱ ያመለጠ ቅመም ካርቶኑ ሥር ካለ ለመቀጣጠል ፍትጊያው ብቻ ሊበቃው ይችላል።

ስንት ኪሎ ነው ያለው? የሚቆጠረው የካርቶኑ ሚዛን ሳይሆን የተጣራው የፈንጂ ክብደት ነው፤ ከወረቀቱ፣ ከሸክላውና ከፕላስቲኩ ተለይቶ የቅመሙ ብቻ። ጥሩ አምራች ይህን በእያንዳንዱ ርችት ላይ ያትማል። ለምሳሌ አንድ ባለብዙ ቱቦ ሳጥን 500 ግራም ቅመም ቢይዝና ካርቶኑ ውስጥ 4 ሳጥን ቢኖር 2 ኪሎ ነው። ሃያ ካርቶን 40 ኪሎ ይሆናል። የሱቁ ፈቃድ 25 ኪሎ የሚል ከሆነ የሚገባው 12 ካርቶን ነው፤ አሥራ ሦስተኛው በር ላይ ይመለሳል። ይህ ሒሳብ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የሚሠራ እንጂ መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ የሚሠራ አይደለም። መኪና በር ላይ ሲቆም ሁሉም ሰው «ለዛሬ ብቻ ይግባ» ይላል።

የማከማቻው ክፍል ራሱ ብዙ ጣጣ የለውም፦ ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚቆለፍ፣ ሰው ከሚያድርበት ቦታ የራቀ፣ ከላዩም መኖሪያ የሌለበት። ካርቶኑ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፤ ፓሌት ላይ ሆኖ ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ያህል፣ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ይላል። ቁልሉ የታችኛውን ካርቶን እስኪያጎብጥ ከፍ አይልም። ቤንዚን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ቀለም፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከርችት ጋር አንድ ክፍል አይገቡም። አምፖሉ መሸፈኛ ይኑረው፤ ማብሪያው ከበሩ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ማሞቂያና ማከፋፈያ ገመድ በፍጹም አይገባም። ካርቶን የሚከፈተውና ዕቃ የሚለየው ሌላ ቦታ ነው።

ወለል ላይ ጥቁር ወይም ብርማ ዱቄት ከታየ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ አይነካውም፤ ሞተሩ ብልጭታ አለው። በረጠበ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይነሣና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይገባል። ባልዲው ክዳን አይኖረውም፣ ከቤትም ውጭ ይቀመጣል፤ እንደ አሉሚኒየም ያለ ዱቄት ያለበት ቅመም ሲረጥብ ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና። ከዚያ ዱቄቱ ከየትኛው ካርቶን እንደመጣ ይፈለጋል።

ውሃ የነካው ርችትስ? ፀሐይ ላይ አስጥቶ መሸጥ የተለመደ ነው፤ ደርቆም ደህና ይመስላል። ውስጡን ግን ልብ በሉ። ወረቀቱ ሲርስ ሙጫው ይላቀቃል፣ የቱቦው ግድግዳ ይሳሳል፣ ከታች ያለው የሸክላ መድፈኛ ይሰነጠቃል፣ የተጠቀጠቀው ቅመም ሲደርቅ ይፈረካከሳል። ቀድሞ ከላይ ወደ ታች እየነደደ ይሄድ የነበረው አሁን ስንጥቁን ተከትሎ ባንዴ ይያያዛል። ጥቂት ሰከንድ ብቻ መቆየት የነበረበት የመለኮሻ ክር ደግሞ መሃል ላይ አንቀላፍቶ፣ ሰውየው ሊያየው ሲጎነበስ ይነቃል። የረጠበ ዕቃ ተለይቶ ለአቅራቢው ይነገራል ወይም ይወገዳል። ቅናሽ ተለጥፎበት አይሸጥም።

ወደ ባንኮኒው እንምጣ። መስታወት ውስጥ የሚታየው ባዶ ማሸጊያ ቢሆን ይሻላል፤ እውነተኛው ከሻጩ ኋላ፣ ገዢ እጁን በማያስገባበት ቦታ ይሁን። የክሩ መሸፈኛ የወለቀ፣ ስሙ ያልተጻፈበት፣ አምራቹ ወይም አስመጪው የማይታወቅ፣ መመሪያው ገዢው በማያነበው ቋንቋ ብቻ የሆነ ርችት አይሸጥ። የዋጋ ወረቀትም ማስጠንቀቂያው ላይ አይለጠፍ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ርቀቱ የተጻፈው ብዙ ጊዜ እዚያች ባዶ የምትመስል ጥግ ላይ ነው። ጥቅል ፈትቶ በነጠላ መሸጥ ደግሞ መመሪያውን ለመጀመሪያው ገዢ ሰጥቶ ቀሪዎቹን ያለ መመሪያ መላክ ነው።

«እስቲ አንዷን አሳየን» የሚል ገዢ ሁልጊዜ አለ። መልሱ አይሆንም ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሊማ ውስጥ፣ ሜሳ ሬዶንዳ በሚባለው የገበያ ሰፈር ለማሳያ የተለኮሰ ርችት ሌላውን አቀጣጥሎ የተነሣው እሳት ከ270 በላይ ሰው ገድሏል። መንገዱ በሱቅና በጎዳና ነጋዴ ተጨናንቆ ነበር፣ መውጫ አልነበረም። ርችት የሚሸጥበት ቦታ መተላለፊያ ላይ ካርቶን ካለ፣ ማሳያ ባይለኮስም ግማሹ ጥፋት ተሠርቷል።

ለማን ይሸጣል የሚለው በየአገሩ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት አከፋፈል ለመረዳት ቀላል ስለሆነ እሱን ልጥቀስ፤ ርችትን አደጋው እየጨመረ በሚሄድ አራት መደብ፣ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ4፣ ይከፍላል። ኤፍ1 ከ12 ዓመት፣ ኤፍ2 ከ16፣ ኤፍ3 ከ18 በታች ላለ አይሸጥም፤ አገሮቹ ዕድሜውን ከፍ ማድረግ ይችላሉ። ኤፍ4 ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። ዝቅተኛው የተመልካች ርቀት በአጠቃላይ ለኤፍ1 1 ሜትር፣ ለኤፍ2 8 ሜትር፣ ለኤፍ3 15 ሜትር ነው። ዕድሜው የደረሰ ግን የጠጣ ሰው ምን ይደረግ? ገንዘቡ ይመለስለት። ሻጩ ደግሞ አንድ ጥያቄ ቢለምድ እወዳለሁ፦ «የት ነው የምትተኩሱት?» መልሱ «በረንዳ ላይ» ከሆነ ሮኬት አይሸጥለትም።

ቤት ውስጥስ? ብልጭታ እንደ ምንጭ ወደ ላይ የሚረጨው ርችት በአብዛኛው ለጣራ ከፍታ አልተሠራም። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮድ አይላንድ 100፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በብራዚል ሳንታ ማሪያ 242 ሰው የሞተው በምሽት ክበብ ውስጥ የተለኮሰ ርችት የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ አቀጣጥሎ ነው። ሳንታ ማሪያ ላይ የተተኮሰው ለደጅ የተሠራ ነበር። እዚያ አብዛኛውን ሰው የጨረሰው መርዛማው ጭስ ነው።

አተኳኮስ ላይ ላቆይ የምፈልገው ስለ ቱቦው ነው፤ ሌላው ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ወደ ሰማይ የሚወረወረው ኳስ መሰል ርችት ከታቹ ጠፍጣፋ መቀመጫ አለው፤ ማስወንጨፊያው ባሩድ እዚያ ነው። መቀመጫው ወደ ታች ሆኖ የቱቦውን ወለል መንካት አለበት። ተገልብጦ ከገባ ባሩዱ ከላይ ይሆንና ጋዙ በአፉ ያመልጣል፤ ኳሱ ሳይወጣ እዚያው ይፈነዳል። ቱቦው ከኳሱ በጣም ከሰፋም ጋዙ በጎን ያልፋል፣ ኳሱ ዝቅ ብሎ ሰው ራስ ላይ ይከፈታል። የውሃ ቧንቧ የሆነው ፒቪሲ ለዚህ አይሆንም፤ ሲሰበር እንደ መስታወት ስለት ይበተናል። ቱቦው ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል አሸዋ ውስጥ ይቀበር፣ አፉም ከተመልካች በተቃራኒ ጥቂት ያዘንብል። ጭንቅላት ከቱቦው በላይ አይመጣም፤ በሚጫንበት ጊዜም ቢሆን። ባለሙያዎች በአሜሪካ መመዘኛ ለእያንዳንዱ ኢንች የኳስ ስፋት 21 ሜትር ያህል ያርቃሉ፤ ለ3 ኢንቹ 64 ሜትር ማለት ነው። ግቢው ያን ካልፈቀደ የሚቀየረው ርችቱ ነው።

ለልጅ የሚሰጠው፣ ሽቦ ላይ የተለበጠው የእጅ ርችት ከሁሉ ይናቃል። ሙቀቱ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ሽቦው ከጠፋ በኋላም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቀጥታ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይገባል እንጂ ሣር ላይ አይጣልም። ሁለት ሦስቱን አስሮ መለኮስ ጨዋታ አይደለም፣ ባንዴ ይያያዛሉ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨርሶ አይሰጥም።

የከሸፈው ደግሞ ይከብዳል፤ ሁሉም ሰው ሄዶ ማየት ይፈልጋል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ማንም አይጠጋውም፣ ዳግመኛም አይለኮስም። ከዚያ ፊትን አዙሮ፣ ረጅም እጀታ ባለው አካፋ ወይም መቆንጠጫ ተነሥቶ ውሃ ውስጥ ይገባና ያድራል። ተለቅ ያለ ባለብዙ ቱቦ ሳጥን ከሆነ እዚያው ባለበት በደንብ ውሃ ይፈስበታል። ሜዳው በጨለማ አይለቀምም፤ ጠዋት፣ ልጆች ከመድረሳቸው በፊት ይለቀማል። በማግስቱ ቆሻሻው ሲሰበሰብ ወደ እሳት የሚጥል ሰው አይጠፋም፤ ባዶ የሚመስል ሳጥን ውስጥ ግን ከሃያ አምስት ቱቦ አንዱ ሳይተኮስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።