ምንም እንዳትደብቂኝ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባብቷል። ምክንያቱን አላውቀውም። የነሐሴ ዝናብ ደብረ ማርቆስን ሳይለቅ ውሏል፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው። ድብር ብሎኝ ተቀምጬ ሳለ የድሮው የክፍል ተጠሪያችን ደወለ።

እሱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ እያለን ሃንድአውት ኮፒ አስደርጎ ለሁሉም የሚያዳርሰው እሱ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚያዳርሰው ወሬያችንን ነው። የሞጣው ልጅ ዶክትሬቱን ጨርሶ እዚያው ባሕር ዳር ያስተምራል። ከክፍላችን የተጋቡት ሁለቱ ሦስተኛ ልጃቸውን ክርስትና አስነሱ። የዳንግላዋ ዝምተኛ ማስተማሩን ትታ ባንክ ገብታለች፤ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ልትሆን ነው አሉ፤ ያቺ ፕረዘንቴሽን በደረሳት ቁጥር የምታለቅሰው ልጅ! እንዴት ደስ እንዳለኝ። አንዱ ቡሬ በርበሬ ይነግዳል፣ ከሁላችንም የተሻለ የሚኖረው እሱ ነው። አንዱ ጁባ፣ አንዷ ዱባይ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ እያማረሩ።

«አንቺስ?» አለኝ።

«እዚሁ ነኝ።»

«አንቺማ እዚያው ነሽ» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

እሱስ አልከፋኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያን ሁሉ ሰው ሲቆጥርልኝ የማንንም እናትና አባት አላነሳም። እኔም አልጠየቅኩም። ወሬያችን ሁልጊዜ ስለ እኛ ነው፤ የተማርነው፣ የሄድነው፣ የወለድነው። እዚህ የቀሩት ወላጆች የሚነሱት ሲሞቱ ነው። ያኔ የኔ ስልክ ይጮሃል፣ ምክንያቱም እዚሁ ነኝ። ለቅሶ ደራሿ እኔ፣ ሆስፒታል ጠያቂዋ እኔ። ይህን የምለው ቅር ብሎኝ አይደለም። የሄዱትንም አልወቅስም፤ አብዛኞቹ ወደው አልሄዱም። ግን ሰው ሲሄድ የሚተወው ሥራ አለ፣ ያንን ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይኖራል።

አሜሪካ ያለችው ዶርሜቴን ታስታውሷታላችሁ። ሁለታችንም የማርቆስ ልጆች ስለሆንን ከባሕር ዳር አብረን ነበር የምንመለሰው፤ በዳንግላ፣ በኮሶበር፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም አድርገን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እሷ ትከሻዬ ላይ ተኝታ። እናቷ በሶና ዳቦ ቆሎ ሲልኩ ለሁለታችን አስበው ነበር። ከ1992 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ሰዉ ሁሉ ፔዳ ነው የሚለው፣ እማማም «የፔዳ ልጆቼ» እያሉ ነበር የሚጠሩን። እስከ ዛሬ «ልጄ» ነኝ።

በነሐሴ 2015 ሞባይል ዳታ ተዘግቶ የከረመ ጊዜ ልጅየዋ የእናቷን ፊት ማየት አልቻለችም። ቀጥታ ስልክ ውድ ነው፤ ሦስት ደቂቃ አውርተው ይቋረጣል። እማማ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነው የሚሉት። አንድ ቀን ለእኔ ደወለችና እያለቀሰች «አንቺ ሄደሽ እያትና የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ። ምንም እንዳትደብቂኝ። ማርያምን በይ» አለች። ማርያምን አልኩ።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ እማማ ዘንድ ቡና ጠጣሁ። ሲቀዱ አየኋቸው። የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት የሲኒው ከንፈር ላይ አድርገው፣ ቡናው ጣታቸውን ሲነካቸው ነው ማንቆርቆሩን የሚያቆሙት። ጣታቸው ጫፉ ላይ ቀልቷል። ምንም አላልኩም። ትንሽ ቆይተው ግድግዳው ላይ ወዳለው የልጃቸው የምረቃ ፎቶ በአገጫቸው እያመለከቱ «እስቲ ጥረጊልኝ፣ አቧራ ውጦታል መሰለኝ፣ ፊቷ አልታይ አለኝ» አሉኝ። ተነሥቼ በነጠላዬ ጠረግኩት። መስታወቱ ንጹህ ነበር።

«እማማ፣ ዓይንዎን ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ እጄን ያዙና «አፈር ስሆን እንዳትነግሪብኝ። ጥላ ትመጣለች፤ ወረቀቷ ይበላሽባታል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ልጅየዋ ጥገኝነት ጠይቃ መልስ እየጠበቀች ነው። መልሱ ሳይመጣ ያለ ፈቃድ ከወጣች ማመልከቻዋን እንደተወች ይቆጠርባታል። እሷ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቷ ታመው ፈተና ጥላ የሄደች ልጅ ናት።

ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፤ ስለ ዓይን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። የሚያስጨንቀኝም ያ ነው። ሞራ ከሆነ ቀላል ነው፤ ሞራው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ግላኮማ ከሆነ ግን የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የሚቻለው የቀረውን ማትረፍ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሐኪም ነው፣ እማማ ደግሞ «ከፍልሰታ በኋላ» አሉ። ከፍልሰታ በኋላ ስል «ከዘመን መለወጫ በኋላ» እንደሚሉኝ ይታየኛል።

እዚህ አገር ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚረዳው፤ ሰውየው ብቻውን እንዳይወድቅ። ደግ ሥርዓት ነው፣ እወደዋለሁ። ግን የቢቸናው ልጅ ውጭ አገር እያለ አባቱ ሲያርፉ ቤተሰቡ «ፈተና ላይ ነው» ብለው ደበቁት። የሰማው ከወር በኋላ ነው። «እኔን ሊጠብቁኝ ብለው ከአባቴ ለቅሶ አስቀሩኝ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ጋር እንደ ድሮው አይደለም። የክፍል ተጠሪያችን ዛሬ ስለ እሱ «ጥሩ ሥራ ይዟል፣ ቤት ገዝቷል» አለኝ። ያም እውነት ነው።

እሁድ ማታ ትደውላለች። ሁሌም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «እማዬ እንዴት ናት?» ብላ ነው። «ደህና ናት» ካልኩ በማርያም የገባሁላትን ቃል በላሁ። ከነገርኳት የእማማን ልመና ረገጥኩ፣ ምናልባትም የስንት ዓመት ድካሟን። ነገ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ሄጄ፣ ለምኜም ተቆጥቼም፣ ሆስፒታል ላደርሳቸው አስቤያለሁ። ሞራ ነው ካሉን እሰየው፣ እሁድ ምሥራች ይዤ አነሣዋለሁ። ሌላው ከሆነስ? ያኔ ለእናትየው ነው ወይስ ለልጅየዋ የምታመነው?