«አድናን ወ ሊና»ን በድሮው ድምፅ፣ በጥርት ያለ ምስል

ድሬዳዋ ላይ በዲሽ ያደገ ሰው ይህን ካርቱን በጃፓን ስሙ ቢጠሩለት አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኤንኤችኬ (የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን) ያስተላለፈው፣ ሃያኦ ሚያዛኪ ያዘጋጀው ባለ26 ክፍል ሥራ ነው። እዚያ ልጁ ኮናን ነው፤ አድናን ያሉት ዐረቦቹ ናቸው። የጃፓኑ ቅጂ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ያለ ዐረብኛው አይጥምም። ዐረብኛው ደግሞ ከካሴት የተገለበጠ፣ ጭጋግ የለበሰ ነው። ስለዚህ የአንዱን ድምፅ አውጥቼ የሌላው ምስል ላይ ገጠምኩ።

መጀመሪያ የሚለካው ልዩነቱ ነው። በሁለቱም ቅጂ አንድ ዓይነት ትዕይንት የሚቀየርበትን ቅጽበት ከመጀመሪያው አካባቢ አንድ፣ ከመጨረሻው አንድ መርጬ ሰዓቱን ጻፍኩ። ልዩነቱ እኩል ከሆነ ድምፁን ማዘግየት ወይም ማስቀደም ብቻ ይበቃል። የኔው ግን መነሻው ላይ ገጥሞ በጃፓኑ 20ኛ ደቂቃ ላይ ዐረብኛው 49 ሰከንድ ቀድሞ ተገኘ። የተቆረጠ መስሎኝ ሁለት ሌሊት ሙሉ ድምፁን ስቆራርጥ አደርኩ፤ ከንቱ ልፋት! ለካ ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ነው (የጃፓኑ ዲጂታል ቅጂ በትክክል 23.976)፤ በፓል፣ ማለትም በዐረብ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ሲገለበጥ በ25 ስለሚሮጥ ቶሎ ያልቃል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ልዩነቱ ቀስ በቀስ ካደገ ፍጥነት ነው፤ በአንዴ ከዘለለ ግን የተቆረጠ ትዕይንት አለ።

ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም የዐረብኛውን ፍጥነት ከ25 ወደ 23.976 ለማውረድ በ4.096 በመቶ ቀነስኩ። ቴምፖ የሚለውን እንዳትነኩ፤ ርዝመቱን ያስተካክልና ቅጥነቱን እንዳለ ይተወዋል። ፍጥነትንና ቅጥነትን አብሮ የሚቀይረው ነው የሚያስፈልገው። በእርግጥ የተቆረጠ ትዕይንት ባለበት ክፍል ግን ቦታውን ዝም ብዬ ከምተው የጃፓንኛውን ድምፅ አስገባሁ፤ ሙዚቃው እንዳይሞት።

የመክፈቻው መዝሙር ለብቻው ነው የሚሠራው፤ ርዝመቱ አይገጥምም፣ ስለዚህ ልኬቱን ከመዝሙሩ በኋላ ጀምሩ። (የጃፓኑ መግቢያ ዓለም የምትወድምበትን ጊዜ ሐምሌ 2008 ይለዋል። በእኛ 2000 መሆኑ ነው፣ ሚሊኒየም ብለን የጨፈርንበት ዓመት!)

በመጨረሻ ምስልና ድምፅን አንድ ፋይል ውስጥ በሚያስረው በኤምኬቪቱልኒክስ ፕሮግራም ምስሉን ሳልነካ ሁለቱንም ድምፅ አሰርኩ፣ ዐረብኛው ቀድሞ እንዲከፈት አድርጌ። ምስሉ እንደገና ስለማይጨመቅ ፈጣን ነው፤ ላፕቶፑም በድሬ ሙቀት አይቃጠልም።

ቴሌቪዥን ላይ ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ከጠፋ ፋይሉ ባለ10 ቢት ኤች 264 (የምስል መጨመቂያ ዓይነት ነው) ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቴሌቪዥን አይከፍተውም። ሥራ ሳይጀመር ባለ8 ቢቱን መፈለግ ነው። የምስሉ ቅርፅም 4 ለ 3 ይሁን፣ አለዚያ ሊና ፊቷ እንደ ድስት ይሰፋል። ፍላሹ ከታይዋን፣ ከድሬው ገበያ፣ የተገዛ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ ሲገለብጡበት ምንም አይልም፣ ግማሹ ክፍል ግን አይከፈትም።